ፋይሉን ማን ከፈተው?

በ1992 መጀመሪያ ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ታሪኮች ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፊንላንድ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የዓይን ክፍል የምትሠራ ነርስ የሥራ ባልደረቦቿን መጠርጠር ጀመረች። ያወቁባት ነገር ያለ ይመስላል። በወሬ መሀል ጣል የሚደረግ ቃል፣ ወዲያ ወዲህ የሚል ፍንጭ አለ። ከዓመታት በኋላ ፍርድ ቤት ቀርባ ያስረዳችውም ይህንኑ ፍንጭና አስተያየት ነበር።

ነርሷ ኤችአይቪ በደሟ ውስጥ እንዳለ ካወቀች አምስት ዓመት ሆኗታል። ከ1987 ጀምሮ ክትትሏን የምታደርገው እዚያው ሆስፒታል፣ ተላላፊ በሽታዎች ክፍል ነው። በ1989 ደግሞ በዚያው ሆስፒታል የዓይን ክፍል በጊዜያዊ ኮንትራት ተቀጠረች። በአንዱ ክፍል ሠራተኛ፣ በሌላው ክፍል ታካሚ ሆነች ማለት ነው። ለብዙ የጤና ባለሙያ ይህ ብርቅ አይደለም፤ የሚሠራበት ቤት የሚታከምበትም ቤት ነው። ለእሷ ግን መዘዙ እዚህ ላይ ተጀመረ።

በዚያን ጊዜ የሆስፒታሉ የሕሙማን መዝገብ ለሠራተኛው ሁሉ ክፍት ነበር። መዝገቡ ላይ የታካሚው የበሽታ ዓይነትና የሚያክመው ሐኪም ሰፍሯል። የዓይን ክፍል ሠራተኛ የተላላፊ በሽታዎች ክፍል ታካሚን መረጃ ልመልከት ቢል የሚያግደው ነገር አልነበረም። ሰብሮ መግባት፣ ቁልፍ መስረቅ፣ ሰው መደለል አያስፈልገውም። ከሥራው መሀል ጥቂት ደቂቃ ካለው ይበቃዋል።

ዘመኑንም ማሰብ ያስፈልጋል። የኤችአይቪን ታሪክ የቀየረው የመድኃኒቶች ጥምረት ሥራ ላይ የዋለው በ1996 ነው። በ1992 ቫይረሱ በደሙ ያለ ሰው በአብዛኛው ሰው ዓይን ሞቱን የሚጠብቅ ነበር። ነርስ ሲሆን ደግሞ ፍርሃቱ እጥፍ ነው፤ መርፌ ትይዛለች፣ ቁስል ትነካለች፣ ሻይ አብራ ትጠጣለች። በሻይ የሚተላለፍ ነገር እንደሌለ የሕክምና ባለሙያዎች ያውቁት ነበር። ማወቅና አለመሸሽ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያን ዘመን የኖረ ሁሉ ይመሰክራል።

በበጋው ጥርጣሬዋን ለሐኪሟ ነገረችው። ሆስፒታሉ ሰማ፤ መዝገቡንም አስተካከለ። ከዚያ በኋላ የአንድን ታካሚ መረጃ ማየት የሚችሉት የሚያክመው ክፍል ሠራተኞች ብቻ እንዲሆኑ ተደረገ። እሷ ራሷ ደግሞ በመዝገቡ ላይ በሐሰተኛ ስም ተመዘገበች፤ ኋላም አዲስ የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር ተሰጣት። ደግነት ነው እንበል። ነገር ግን ጉዳዩን ገልበጥ አድርጎ ለተመለከተው አሳዛኝ ነው፤ በራሷ ገላ ውስጥ ስላለ ነገር እንዳይወራባት የራሷን ስም የተወችው እሷ ናት። መዝገቡን ያነበበው ሰው፣ ካለ፣ ስሙን እንደያዘ ሥራውን ቀጥሏል።

በኛ አገር "ካፍ ከወጣ አፋፍ" ይባላል። በሩ የተዘጋው ወሬው ከወጣ በኋላ ነበር። ሴትዮዋ ጊዜያዊ ኮንትራቷ ስላልታደሰላት በ1995 ሥራ ቀየረች። ኮንትራቱ ያልታደሰው በበሽታዋ ምክንያት ነው ብሎ የወሰነ ፍርድ ቤት የለም፤ ጽሑፉም ያንን አይልም።

እሷ ግን አንድ ጥያቄ አልለቀቃትም። በኖቬምበር 1996 ለአውራጃው አስተዳደር ቦርድ አቤቱታ አስገባች። የጠየቀችው ካሳ ወይም የሰው ቅጣት አልነበረም። ምስጢራዊ የሕክምና መዝገቤን ማን እንደተመለከተው መርምራችሁ ንገሩኝ ነው ያለችው።

መልሱን የሰጡት የሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ኃላፊ ናቸው። ማወቅ አይቻልም አሉ። ሥርዓቱ የሚያሳየው መዝገቡ የታየባቸውን የመጨረሻዎቹን አምስት ጊዜያት ብቻ ነው። እነዚያም በክፍል ስም እንጂ በሰው ስም አይመዘገቡም። ይህችም ብትሆን ፋይሉ ወደ መዝገብ ቤት ሲመለስ ትጠፋለች። በአጭሩ ያ ሆስፒታል ስለ ታካሚው ሁሉን ይጽፋል፤ ስለ አንባቢው ምንም አይጽፍም።

ፍርድ ቤት ሄደች። በሜይ 2000 የአካባቢውን የጤና አስተዳደር ከሰሰች፤ መዝገቤን በምስጢር አልጠበቃችሁም አለች። የወረዳው ፍርድ ቤት በ2001 ውድቅ አደረገው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2002 የሰጠው ምክንያት ደግሞ ደጋግሞ ሊነበብ የሚገባው ነው። ስለ ባልደረቦቿ ፍንጭና አስተያየት የሰጠችው ቃል የሚታመን ነው አለ። ነገር ግን መዝገቧ ያለ ፈቃድ ለመታየቱ አጥጋቢ ማስረጃ አላቀረበችም ብሎ ዘጋው። አምነንሻል፣ ግን አላስረዳሽም እንደማለት ነው። የማስረዳት ሸክሙ የወደቀው በከሳሿ ላይ ሲሆን ማስረጃው ሊገኝ ይችል የነበረው በተከሳሹ እጅ ነበር፤ ተከሳሹ ደግሞ ማስረጃውን የማይዝ መዝገብ ነው ያቆየው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ይግባኟን ለማየት አልፈቀደም።

እዚህ ላይ ከፊንላንድ ወጣ ብሎ ሌላ ጉዳይ መመልከት ነገሩን ያጠራዋል። በ1990 በደቡብ አፍሪካዋ ብራክፓን ከተማ አንድ ሰው ለሕይወት መድን ሲል የኤችአይቪ ምርመራ ተደረገለት። ውጤቱን የነገረው ሐኪሙ ነው፤ ሰውየውም በምስጢር እንዲያዝለት ለመነ። ሐኪሙ በማግስቱ ጎልፍ ሊጫወት ወጣ። አብረውት የነበሩት ሌላ ሐኪምና አንድ የጥርስ ሐኪም ናቸው። በጨዋታው መሀል ነገራቸው። ከዚያ ወሬው በከተማዋ ተዛመተ።

ሐኪሙ ሲከሰስ ያቀረበው መከላከያ ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ የሚሰማ ነው፤ የሙያ ባልደረቦቼ ናቸው፣ ሊያክሙት ስለሚችሉ ማወቅ ይገባቸው ነበር አለ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ተቀበለው። ታካሚው ክርክሩ ሳያልቅ በ1991 ሞተ። የይግባኝ ችሎቱ በ1993 ውሳኔውን ሻረ። ባልደረቦቹ በዚያች ሰዓት ያንን መረጃ የሚያስፈልጋቸው አንዳችም ምክንያት አልነበረም አለ፤ ለሟች ውርስ 5,000 ራንድ ተፈረደ። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ቁም ነገሩ "የሥራ ባልደረባ" መሆን ብቻውን የሰውን ምስጢር ለመስማት ፈቃድ እንደማይሆን በአገሪቱ ትልቅ ችሎት መነገሩ ነው።

በብራክፓን ጉዳይ ግን ፊንላንዳዊቷ ያላገኘችው አንድ ነገር ነበር። የተናገረው አፍ ይታወቃል። ማን፣ የት፣ ለእነማን፣ ሁሉም ግልጽ ነው። በአብዛኛው ሥራ ቦታ የሚሆነው ግን የፊንላንዱ ነው። ወሬው አለ፣ ጉዳቱም አለ፣ አውሪው ግን የለም። ሁሉም የሰማው ከሌላ ሰው ነው።

ነርሷ በ2003 ጉዳዩን ስትራስቡርግ ወዳለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ወሰደችው። ይህ ፍርድ ቤት ከዚህ በፊት በ1997 በሌላ የፊንላንድ ጉዳይ ላይ መሠረቱን ጥሎ ነበር። የጤና መረጃን መጠበቅ የአንድን ሰው ክብር መጠበቅ ብቻ አይደለም፤ ሰው ምስጢሬ ይወጣል ብሎ ከፈራ ሐኪም ቤት መሄዱን ይተዋል፤ ተላላፊ በሽታ ሲሆን ደግሞ ጉዳቱ ለሁሉም ይተርፋል ብሎ ነበር። በዚያኛው ጉዳይ ግን መረጃውን ያወጣው መንግሥት ራሱ፣ በፍርድ ቤት ሂደት ነበር። በነርሷ ጉዳይ ማንም አውጥቷል ተብሎ አልተረጋገጠም። ታዲያ ምን ተጥሷል ተብሎ ይፈረዳል?

ፍርዱ የተሰጠው በጁላይ 17 ቀን 2008 ነው። ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ፊንላንድ የግል ሕይወት የመከበር መብትን ጥሳለች አሉ። የሄዱበት መንገድ ከአገር ውስጥ ፍርድ ቤቶቹ የተለየ ነው። ፋይሉን ማን አየው የሚለውን ትተው፣ ፋይሉ ሊታይ በማይችልበት ሁኔታ ተይዞ ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። ሥራ ላይ የነበረው የፊንላንድ ሕግ መረጃ የሚይዝ ተቋም ያለ ፈቃድ እንዳይታይ እንዲጠብቀው ያዛል። ሆስፒታሉ መዝገቡን ለሚያክሙት ሠራተኞች ብቻ ቢከፍትና ማን መቼ እንደተመለከተው ቢመዘግብ ኖሮ ሴትዮዋ የፍርድ ቤት ደጅ ስትጠና ባልተንከራተተች ነበር። ጉድለቱ የሆስፒታሉ ሆኖ ሳለ ማስረጃ አምጪ ብሎ እሷን ማስጨነቅ ተገቢ አይደለም አሉ። ጉዳት ከደረሰ በኋላ ካሳ ጠይቂ ማለትም አይበቃም፤ መጀመሪያውኑ ያልተፈቀደለት ሰው እንዳይገባ የሚያደርግ የሚሠራ ጥበቃ ያስፈልጋል።

ለቁሳዊ ጉዳት 5,771.80 ዩሮ፣ ለሞራል ጉዳት 8,000 ዩሮ፣ ለወጪ 20,000 ዩሮ ተፈረደላት። ከመጀመሪያው ጥርጣሬ እስከ ፍርዱ 16 ዓመት አለፈ።

ይህ ፍርድ ታላላቅ ከሚባሉት ተርታ ብዙ ጊዜ አይጠራም። ስለ ጦርነት አይደለም፣ ስለ ማሰቃየት አይደለም፤ ስለ ኮምፒውተርና ስለ መዝገብ ቤት አሠራር ነው። ነገር ግን የሥራ ቦታ ሐሜትን ከሥሩ የነካው እሱ ነው። ሐሜትን "የሰው አፍ መጥፎ ነው" ብለን ስንተወው ጥፋቱ የማይታወቅ አንድ ክፉ ሰው ይሆናል፤ የማይታወቅ ሰው ደግሞ አይጠየቅም። ፍርዱ ኃላፊነቱን ስሙ ወደሚታወቀው፣ ቁልፉን ወደያዘው ተቋም መለሰው።

አሜሪካኖች በሌላ በር ነው የገቡት። በጁላይ 1990 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የፈረሙት የአካል ጉዳተኞች ሕግ አሠሪው ከሠራተኛው በሕክምና ምርመራ የሚያገኘውን መረጃ በተለየ ቅጽ ላይ ጽፎ፣ በተለየ ፋይል ውስጥ፣ በምስጢር እንዲይዝ ያዛል። ስለ ቅጥርና ሥራ የሚናገሩት የሕጉ ክፍሎች መሥራት የጀመሩት በጁላይ 1992 ነው፤ ነርሷ ለሐኪሟ ጥርጣሬዋን በተናገረችበት በዚያው በጋ ማለት ነው። የሕጉ አስተዋይነት የቅርብ አለቃ ምን ማወቅ እንዳለበት መወሰኑ ላይ ነው። አለቃው የሚነገረው ሠራተኛው ምን መሥራት እንደማይችልና ምን እንዲመቻችለት እንደሚያስፈልግ ነው። "ከባድ ዕቃ አታንሳ"፣ "በየሁለት ሰዓቱ ትረፍ" ይባላል። ዲስክ ይሁን፣ ካንሰር ይሁን፣ እርግዝና ይሁን ለአለቃው አይነገርም። የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ የሚሰጡ ሰዎች ድንገተኛ ነገር ሊያጋጥም የሚችል ከሆነ ይነገራቸዋል፤ የሕጉን አፈጻጸም የሚመረምሩ የመንግሥት ሠራተኞችም እንዲሁ። ከዚያ ውጪ ያለው ሰው አይመለከተውም።

በዋሽንግተንም ሆነ በሚኒያፖሊስ በመጋዘን፣ በአረጋውያን መጦሪያ፣ በሆስፒታል የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይህ ጥበቃ አላቸው። ቀዳዳውን ግን ማወቅ ይበጃል። አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ትራይቨንት ፋይናንሺያል በሚባል ድርጅት ሲሠራ አንድ ቀን ሳያሳውቅ ቀረ። ምን ሆነህ ነው፣ ደውልልን የሚል ኢሜይል ደረሰው። እሱም ጨዋ ሠራተኛ እንደሚያደርገው ጽፎ መለሰ፤ ከባድ ማይግሬን እንዳለበት በዝርዝር አስረዳ። በኋላ ሥራውን ለቆ ሌላ ቦታ ማመልከት ሲጀምር ቅጥሩ አልሆን አለው። የሆነ ነገር እንዳለ ጠረጠረና የቀድሞ አሠሪን ምስክርነት የሚያጣራ ድርጅት ቀጠረ፤ ድርጅቱ አዲስ ቀጣሪ መስሎ ወደ ትራይቨንት ደወለ። የቀድሞ አለቃው ማይግሬን እንዳለበት በስልክ ተናገረ።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2012 ቺካጎ የሚቀመጠው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ለድርጅቱ ፈረደ። ምክንያቱም ሕጉ በምስጢር ያዙ የሚለው አሠሪው በሕክምና ጥያቄ ያገኘውን ነው። "ምን ሆነህ ነው?" የሕክምና ጥያቄ አይደለም ተባለ። ሰውየው ራሱ ተናገረ፤ ራሱ የተናገረውን ሕጉ አይጠብቅለትም። በቅን ልብ ማስረዳት ዋጋ ያስከፈለው እንዲህ ነው። ለመጥፎ አለቃ ምንም ያልነገረው ሠራተኛ ከዚህ ሰውዬ የተሻለ ጥበቃ አለው፤ ይህ የሕጉ ጉድለት እንጂ የሰውየው ጥፋት አይመስልም።

ነገሩ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ አስቸጋሪ የሚሆነው ሰዉ ክፉ ስለሆነ አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤት አንድ ሰው ሲታመም ጉዳዩ የሁሉም ይሆናል። ይጠየቃል። መዋጮ ይሰበሰባል፣ ብርቱካንና ለስላሳ ይገዛል፣ መኪና ይመደባል። ይህንን የሚያስተባብረው አብዛኛውን ጊዜ አለቃው ራሱ ነው። በጠዋት ስብሰባ መጨረሻ ላይ "እህታችን እገሊት…" ብሎ ይጀምርና የሐኪሙን ቃል ሳይቀር ይደግመዋል። ዓይኑ እንባ ያቀረረ ሊሆን ይችላል። ከሰዓት በኋላ እገሊት ማህፀኗ ምን እንደሆነ የጥበቃ ሠራተኛው ሳይቀር ሰምቷል።

አማርኛ ግን ለዚህ ቀድሞ መላ አበጅቶ ነበር። "ትንሽ አሟት ነው" የሚለው አነጋገር ድብብቆሽ አይደለም። መጠየቅ ያለበት እንዲጠይቅ፣ መዋጮ የሚያዋጣ እንዲያዋጣ ይበቃል፤ ዝርዝሩን ለታማሚዋና ለአስታማሚዋ ይተዋል። ሰው ብርቱካን ይዞ ለመሄድ የላብራቶሪ ውጤት አያስፈልገውም። የቀድሞ ሰዎች ሕመምን ሲጠይቁ "እንዴት አደርሽ፣ እግዜር ይማርሽ" ብለው ነበር የሚመለሱት፤ "ምንድን ነው አሉሽ?" የሚለው ጥያቄ ከመቼ ወዲህ ጨዋነት እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ይንገር።

ይህ ዝርዝር ምን ያህል ሊጎዳ እንደሚችል ኢትዮጵያ በኤችአይቪ ዘመን አይታዋለች። ቫይረሱ በአገሪቱ መኖሩ የታወቀው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት በ1986 ነው። ነጻ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት እስከ ተጀመረበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ወሬ ብቻውን ሰውን ከቤት ኪራይ፣ ከትዳርና ከሥራ አፈናቅሏል። መድኃኒቱ ከመጣ በኋላም በሰፈሩ ጤና ጣቢያ እያለ መድኃኒቱን ለመውሰድ ሌላ ክፍለ ከተማ፣ ሌላ ከተማ ድረስ የሚሄድ ሰው ነበር፤ ዛሬም አለ። ካርድ ክፍል የሚሠራውን ሰው ስለሚያውቀው ነው። የስትራስቡርግ ዳኞች ሰው ምስጢሬ ይወጣል ብሎ ከፈራ ከሕክምና ይሸሻል ያሉትን ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ በታክሲ ተሳፍሮ የኖረው ነው።

የኢትዮጵያ ሕግ ይህንን ከናካቴው አልዘነጋውም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የወንጀል ሕጉ ሐኪምን ጨምሮ በሙያቸው ምስጢር የሚያውቁ ሰዎችን ምስጢር በማውጣት ይቀጣል። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ውስጥ ደግሞ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ቦታ አለ። አንቀጽ 12 የአሠሪን ግዴታዎች ሲዘረዝር ስለ እያንዳንዱ ሠራተኛ መዝገብ እንዲይዝ ያዛል፤ የዕረፍት ቀኑን፣ የወሰደውን ፈቃድ፣ በሥራ ላይ የደረሰበትን ጉዳት፣ እንዲሁም የጤንነቱን ሁኔታ። ከጤንነቱ ሁኔታ ግን አንድ ነገር ወጥቷል፤ ኤችአይቪ/ኤድስ። በአዋጅ ቁጥር 377/1996 ላይ የነበረው ይህ ልዩ ሁኔታ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ቀጥሏል።

ያ አንድ ሐረግ የዘመኑ ጠባሳ ነው። ሕግ አውጪው ኤችአይቪ በአሠሪ መዝገብ ላይ ቢሰፍር ምን እንደሚሆን ስላየ አወጣው። ጥሩ አደረገ። ሌላው ሁሉ ግን መዝገቡ ላይ ቀረ። የሚጥል በሽታ፣ የአእምሮ ሕመም፣ ጉበት፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ ፅንስ ማስወረድ፤ የአገሬው ሰው በኤችአይቪ ልክ ባይሆንም ስማቸው ሲነሳ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግባቸው በሽታዎችና ጉዳዮች ብዙ ናቸው። አንቀጹ መዝገቡ ይያዝ ይላል፤ ማን ሊያየው እንደሚችል፣ የት እንደሚቀመጥ አይዘረዝርም።

የሕመም ፈቃድ ወረቀትን ጉዞ መከተል ይህን ያሳያል። ሠራተኛው ሲታመም ከታወቀ የሕክምና ተቋም ማስረጃ ማምጣት አለበት። ማስረጃው ላይ ብዙ ጊዜ የዕረፍቱ ቀን ብቻ ሳይሆን የበሽታው ስም ይሰፍራል። ወረቀቱ መጀመሪያ የቅርብ አለቃ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። አለቃው ይመራበታል፤ ጸሐፊዋ ወጪ ትመዘግበዋለች፤ ተላላኪው ወደ ሰው ሀብት ይወስደዋል፤ ሰው ሀብት ኮፒ አድርጎ ለፋይናንስ ይልካል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ ነው፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ ስለዚህ ፋይናንስ ማወቅ አለበት። የሚያስፈልገው የቀኑ ቁጥር ነበር። ያነበቡት ሁሉ ግን የበሽታውን ስም ነው። ከእነዚህ ውስጥ ሐሜተኛ አንድም ላይኖር ይችላል፤ ወሬው ግን ይወጣል። ሠራተኛዋ ማን አወራብኝ ብላ ብትከስ የሚገጥማት የፊንላንዷ ነርስ ዕጣ ነው፤ ሰባት ሰው በእጁ የነካው ወረቀት ላይ የማን ዓይን እንዳረፈ የሚናገር መዝገብ የለም።

አሁን ደግሞ ወረቀቱ ወደ ስልክ ገብቷል። የሕመም ማስረጃ በቴሌግራም ፎቶ ተነስቶ ለአለቃ ይላካል፤ አለቃው ለሰው ሀብት "ፎርዋርድ" ያደርገዋል፤ አንዳንዴ በስህተት ለመሥሪያ ቤቱ ግሩፕ። ሆስፒታሎችም ካርዳቸውን ወደ ኮምፒውተር እያዛወሩ ነው። ኮምፒውተር በራሱ ምስጢር ጠባቂ አይደለም። በ1992 የፊንላንዱ ሆስፒታል የጎደለው ማሽን አልነበረም፤ የጎደለው ለማን እንደሚከፈት የወሰነ ሰውና የከፈተውን የሚጽፍ ሥርዓት ነው። አንድ የይለፍ ቃል ለአንድ ክፍል ሠራተኛ ሁሉ በሚሰጥበት ቤት፣ ቃሉም በቢጫ ወረቀት ስክሪኑ ላይ በሚለጠፍበት ቤት፣ ኮምፒውተሩ ከካርድ ክፍል ሳጥን የሚለየው በፍጥነቱ ብቻ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ይመድበዋል። መረጃውን የሚይዘው ተቋም የጥበቃ ግዴታ አለበት፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ወሬው ስለ ባንክና ስለ ቴሌኮም ስለነበር ብዙ መሥሪያ ቤት አዋጁ ስለ ሰው ሀብት ክፍል ካቢኔት እንደሚናገር ገና አልተገለጠለትም። አዋጁ ወረቀት ላይ እንዳይቀር ከተፈለገ ፈተናው በትላልቅ ድርጅቶች ሰርቨር ላይ ሳይሆን በዚያች ካቢኔት ላይ ነው። የሕመም ማስረጃው የቀን ቁጥርና የሐኪም ፊርማ ይዞ ብቻ ወደ አለቃው ቢሄድ፣ የበሽታው ስም ደግሞ የሚያስፈልግ ከሆነ ታሽጎ ለአንድ ስሙ ለታወቀ ሰው ብቻ ቢደርስ አዲስ ሕግ አይጠይቅም፤ አንድ የውስጥ መመሪያና አንድ ፖስታ ይበቃዋል።

የፊንላንዱ ሆስፒታል ሥርዓቱን በማርች 1998 አስተካከለው። ከዚያ ወዲህ የታካሚን መዝገብ የከፈተ ሁሉ ስሙ ይቀራል፤ ከዓመታት በኋላም ተመልሶ ሊታይ ይችላል። ለነርሷ ግን የተመለሰ ነገር የለም፤ በ1992 ያልተመዘገበውን የ1998 ኮምፒውተር አያውቀውም። የስትራስቡርግ ፍርድ ቤትም በስሟ አልጠራትም። የፍርዱ ርዕስ ላይ ያለችው በአንዲት የላቲን ፊደል ነው፤ "አይ" ተብላ። ስለ ፋይሏ አንባቢ ደግሞ በፍርዱ ገጾች ውስጥ አንዲት ፊደል እንኳ አልተጻፈም።